«ኖርማል ነው» ያልነው እግር

ከቀፊራ ገበያ ቅስት በር አለፍ ብሎ ነጅሙዲን የሚባል የጫማ ነጋዴ አለ። ጫማውን ሸራ ላይ ዘርግቶ ራሱ ጃንጥላ ሥር ይቀመጣል። ገበያ እንዴት ነው ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ኖርማል!» ቢሸጥም ኖርማል፣ ፀሐዩ ሰው ቢያባርርበትም ኖርማል። ድሬዳዋ ደግሞ በዚህ ነገር ነጅሙዲንን የምትታዘብ ከተማ አይደለችም። መብራት ጠፋ ሲባል ኖርማል ነው፤ ውሃ ቀረ ሲባል ኖርማል ነው፤ ትኩሳት መንደሩን ሲያዳርስም ያው ኖርማል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ሁሉ ይህችን የእንግሊዝ ቃል ለብሶ ይወጣል። ቃሏ አጭር ናት፣ ለአፍም ትመቻለች። አንድ ቤት ላይ ያደረሰችውን ሐዘን ያየ ሰው ግን እንደ ዋዛ አይጠራትም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዱኒያ ከዚህ ነጅሙዲን ፊት ቁጢጥ ብላ ለእናቷ ጫማ ትመርጥ ነበር። ዱኒያ ከከተማ ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ በሚባል ቦታ እንግሊዝኛ የምታስተምር ወጣት ናት። ሳምንቱን እዚያ ሰንብታ ቅዳሜና እሑድ ሳቢያን ወደሚገኘው የእናቷ የቱሪያ ቤት ትመጣለች። ሁለት እጇን ጫማ ስለያዘው ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍታው ነበር።

«እማ፣ ሠላሳ ዘጠኙ አልሆነሽም ማለት ነው?»

«ጠቦኛል ልጄ፣ ወላሂ። ማታ ማታማ እግሬ አልገባ ይላል።»

«አይ እማ፣ በዚህ ሙቀት እግር ማበጥ ኖርማል ነው። አርባ አንድ እገዛልሻለሁ፤ ሰፋ ያለ።»

«እሺ፤ ኖርማል ከሆነስ ምን ቸገረኝ» አለች ቱሪያ፤ ድምጿም ቀለል አላት።

ዱኒያ ስልኩን ዘግታ ዋጋ ልትጠይቅ ስትል ደም ሥሩ የወጣ ሽማግሌ እጅ መጥቶ ጫማው ላይ አረፈ።

«ይህን ጫማ አትግዢ፣ ልጄ።»

ቀና ብትል አቶ በዛብህ ናቸው። ዱኒያና እናቷ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሲኖሩ ግድግዳ የሚያዋስኗቸው ጎረቤት ነበሩ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ትንሽ ሽንኩርት ያለበት ፌስታል አንጠልጥለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካረፉ ወራት አልፈዋል፤ ዱኒያ ለቅሶ የደረሰችው በጥድፊያ ነበርና አሟሟታቸውን በወጉ አልሰማችም።

«ጋሼ! እንዴት ነህ?» ብላ ተነሥታ ሳመቻቸው። ድሬ ላይ አንቱታ ለእንግዳ ነው። ዱኒያም ከልጅነቷ አንተ ስትላቸው አድጋለች፤ እሳቸውም አንቱ ብትላቸው ይቀየሟት ነበር።

«ኖርማል» አሉ አቶ በዛብህ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጨፈገገ። «ተመልከቺ፤ ልነቅፈው የመጣሁትን ቃል ራሴ አወጣሁት። ዱኒያ፣ ሳልፍ ለእናትሽ ያልሻትን ሰማሁ። ካላስቀየምኩሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«አቦ ጋሼ፣ ገበያዬን ልትዘጋብኝ ነው?» አለ ነጅሙዲን እየሳቀ፤ ሆኖም ዱካ ስቦ ሰጣቸው። ሁለቱም ጃንጥላው ሥር ተቀመጡ።

«አንቺ አስተማሪ ነሽ» ሲሉ ጀመሩ አቶ በዛብህ። «ኖርማል ማለት ምን ማለት ነው?»

«የተለመደ ማለት ነዋ። ብዙ ጊዜ የሚሆን፣ የሚጠበቅ።»

«መልካም። ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ሁሉ ደህና ነው?»

ዱኒያ ፈገግ አለች። ሽማግሌው እንደ ብዙ እኩዮቻቸው በባዕድ ቃል ተቆጥተው የመጡ መሰላት። «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛው ከሆነ የተከፋኸው አይፈረድብንም። ድሬ እኮ ናት። አንዱን ነገር በኦሮምኛ ጀምረን፣ በሶማሊኛ አስኪደን፣ በአማርኛ እንጨርሳለን።»

«እኔ ነኝ የቃል ዘር የምቆጥረው? አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ግማሹ ዕቃ በፈረንሳይኛ ነበር የሚጠራው። የእንግሊዝ ስለሆነ አይደለም የጠላሁት። ይህ ቃል በአንድ ቲኬት ሁለት ሰው ያሳፍራል። አንዱ የተለመደ ነው፣ ሁለተኛው ጤነኛ ነው። አንቺ የላክሽው የመጀመሪያውን ነው። እናትሽ ቤት የደረሰው ግን ሁለተኛው ነው። ድምጿ ቀለል ሲላት አልሰማሽም?»

ሰምታ ነበር። ዱኒያ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ልጅ አይደለችም፤ ደግሞ ማንም ሰው በገበያ መካከል እናትሽን ችላ ብለሻል ቢባል ይከፋዋል።

«ታዲያ ምን ልበላት? አብጠሻል፣ ታመሻል ብዬ ላስደንግጣት? እግሩ ያበጠ ሁሉ ሐኪም ቤት ቢሰለፍ የዚህ ከተማ ሐኪም ቤት ይበቃል? በሙቀት እግር ያብጣል፤ ውሸት አልተናገርኩም።»

«አልዋሸሽም።»

«ቃሉንስ ብንተወው ምን ይለወጣል? እናቶቻችን ኖርማልን ሳያውቁት በፊት ‹ያው ነው›፣ ‹ምንም አይደል› ይሉ ነበር። ሰው መስማት ያልፈለገውን ነገር በገዛ ቋንቋውም ይሸፍነዋል።»

አቶ በዛብህ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እውነት ሲነገራቸው አይከራከሩም፤ ከሚስታቸው ጋር ዕድሜ ልክ ያኖራቸውም ይህ ጠባያቸው ነበር።

«እዚህ ላይ ረታሽኝ። ሆኖም ‹ያው ነው› ሲባል ሰው ትንሽ ይጠራጠራል፤ ስንፍናው ይታያል። ኖርማል ግን የተማረ ሰው ልብስ ለብሷል። እኛ ያልተማርነው ስንሰማው የተመረመረ ይመስለናል። አንቺ በተለይ ስትናገሪው። እናትሽ ልጄ አስተማሪ ናት ብላ የምትኮራብሽ ሴት ናት፤ የአንቺ ኖርማል ለእሷ ማኅተም ነው።»

ዱኒያ በእጇ የያዘችውን ጫማ አገላበጠች። «ልታስፈራራኝ ነው የፈለግኸው» አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«አይደለም። የጥሩወርቅን ልነግርሽ ፈልጌ ነው፤ እስከ አሁን ለማንም አልነገርኩም።» ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። «መጀመሪያ እግሬን ከበደኝ ትለኝ ነበር። ልጃችን ይትባረክ ከአዲስ አበባ ሲደውል ነገረችው። እሱም ልጅ ነው፤ እንዳንቺው እናቱን የሚወድ። ‹ሙቀት ነው፣ ኖርማል ነው› አላት። እኔም ቃሉን ወደድኩት። ጫማ ገዛሁላት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር፣ ከዚሁ ከነጅሙዲን። ጠበባት። ሰፋ ያለ ገዛሁ። እሱም ጠበባት። ነጠላ ጫማ ገዛሁ። ጫማው ጠበበ አልን እንጂ እግሯ አበጠ አላልንም። አየሽ፣ እኔ እኮ የምንከባከባት ይመስለኝ ነበር! ጫማ ባመጣሁ ቁጥር ትመርቀኝ ነበር።»

ነጅሙዲን ጫማ መጥረጉን አቆመ።

«ከዚያ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ይህንንም በዕድሜ ነው፣ ኖርማል ነው አልን። እሷም ቃሉን ለመደችው። ድሮ እንዴት አደርሽ ስላት ወገቧን፣ ጉልበቷን፣ ያየችውን ሕልም ሳይቀር ትዘረዝርልኝ ነበር፤ አንዳንዴ እሰለች ነበር። በኋላ ‹ኖርማል› ብላ ታሳርፈኝ ጀመር። ሐኪም ቤት የወሰድኳት መተኛት ሲያቅታት ነው። ሐኪሙ ልቧ ነው አለኝ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ‹ቀደም ብላችሁ ብትመጡ› ብሎ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። በማግሥቱ ጠዋት እንዴት አደርሽ አልኳት። ‹ኖርማል› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገረችም። የስንት ዘመን ባለቤቴ የተሰናበተችኝ በዚህ ቃል ነው፣ ዱኒያ።»

ዱኒያ አለቀሰች። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበር፤ ለእናቷም ነበር፤ ደግሞ ለራሷ ነበር፤ ባለፈው ወርም ለእናቷ ጫማ ገዝታ ነበርና።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«ቃሉን ከነጭራሹ ጣዪው አልልሽም፤ ከአፋችን የሚወጣም አይመስለኝም። ግን ከጥያቄ በኋላ ይምጣ። መጀመሪያ የት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ማን አየው በያት። ሐኪሞች አይተው መርምረው ኖርማል ነው ካሉሽ፣ ያን ጊዜ አንቺም ኖርማል በዪ፤ እኔም አጨበጭባለሁ።»

ዱኒያ እንባዋን ጠርጋ የጫማውን ዋጋ ጠየቀች፤ ከልማድ ይሆናል። ነጅሙዲን ጫማውን ከእጇ ወሰደ።

«ዛሬ አልሸጥልሽም፣ እህቴ። ጋሼ በዛብህን አርባ አንድ ይሻላል፣ ሰፋ ይላል ያልኩት እኔ ነኝ። አላህ ይማራት። ሂጂ፣ እናትሽን እዪ።»

ዱኒያ ባጃጅ ይዛ ሳቢያን ገባች። ቱሪያ በሩ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር።

«ጫማውስ?» አለች።

«አልገዛሁም። እግርሽን አሳዪኝ፣ እማ።»

«ኖርማል ነው አላልሽኝም?»

«ሳላይ ነው ያልኩሽ። አውፍ በዪኝ፣ አጥፍቻለሁ።»

ዱኒያ ተንበርክካ የእናቷን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀቻት። ቱሪያ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉን ነገረቻት፤ የራስ ምታቱን፣ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ሥር ማበጡን፣ ሽንቷ መቀየሩን። «ልጄ ኖርማል ካለችኝ ብዬ ነው» አለች፤ ይህ አነጋገር ወቀሳ አልነበረበትም፣ ዱኒያን የከፋት እሱ ነው።

ሰኞ ዱኒያ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ እናቷን ሐኪም ቤት ወሰደቻት። የደም ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኩላሊቷንም መንካት ጀምሯል። ሐኪሟ ትንሽ ዘግይታችኋል፣ ግን አልመሸባችሁም አለቻቸው። መድኃኒት ታዘዘ፣ ጨው ተቀነሰ፣ ቀጠሮ ተያዘ። የተጎዳው ሁሉ አይመለስም፤ የቀረው ግን ዳነ። እንግዲህ አንዲት ልጅ አንድ ቃል አቆይታ ሦስት ጥያቄ ስላስቀደመች ያገኘችው ትርፍ ይህ ነው፤ እናቷ በሕይወት አለች፣ የሚያማትንም ትናገራለች። በየቤታችን ኖርማል እየተባለ የሚታለፍ ስንት እግር፣ ስንት ሳል፣ ስንት የሰው ዝምታ እንዳለ አንባቢ ራሱ ያስበው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዱኒያ ወደ ቀፊራ ወረደች። አቶ በዛብህ እዚያው የነጅሙዲን ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ሥር እንደዚያን ቀኑ ትንሽ ሽንኩርት ያለበት ፌስታል አለ።

«ጋሼ፣ እማ ሠላሳ ዘጠኙ ገባላት! የድሮ ጫማዋን አውጥታ አደረገችው።»

አቶ በዛብህ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እሰይ! እሰይ፣ ልጄ!» አሉ፤ ደስታቸው እውነተኛ ነበር። ግን ቃሉ መሐል ላይ ተሰበረባቸውና ፊታቸውን ወደ ሽንኩርቱ መለሱ። ሌላ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ጫማ ትዝ እንዳላቸው ዱኒያ ገባት።

«አንተስ እንዴት ነህ፣ ጋሼ?»

«ኖር...» አሉና አቆሙ። ዱኒያ አላገዘቻቸውም፤ ጠበቀች።

«ደህና አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ። «ቤቱ ከብዶኛል። በየቀኑ እየመጣሁ ሽንኩርት የምገዛው ቤት ላለመዋል ነው፤ የገዛሁትም እየበሰበሰ ነው። የመጨረሻው ጫማዋ አንድ ቀን እንኳ ሳታደርገው በሩ ሥር ተቀምጧል። ማንሣት አቃተኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ዱኒያ።

«ከቀብሯ ማግሥት ጀምሮ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም አላየኝም» አሉ አቶ በዛብህ። ዱኒያ ጎንበስ ብላ ፌስታሉን አነሣች፤ በሌላ እጇ ክንዳቸውን ያዘች።

«ዛሬ ምሳህ እኛ ቤት ነው። ከምሳ በኋላ ከዚራ አብረን እንሄዳለን፤ ጫማውንም አብረን እናነሣዋለን» አለቻቸው። ሽማግሌውም እንደ ልጅ እያለቀሱ ተከተሏት።