የጌም ጠመንጃው አፈሙዝ

ልጄ ቡሬ ላይ ጌም ቤት አለው። ልጠይቀው ብሄድ አንድ የጌም ጠመንጃ አስይዞ ከኮምፒውተር ፊት አስቀመጠኝ። «ኮምፒውተሩ ሊኑክስ በሚሉት ፕሮግራም ነው የሚሠራው፤ ጠመንጃውን ገና አሁን አወቀው። እኔ እዚህ ማስተካከያውን ስጽፍለት እርስዎ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምልክት አልመው ቃታውን ይሳቡልኝ» አለኝ። አልሜ ሳብሁ፤ ቀዩ ነጥብ ከምልክቱ በታች አረፈ። ደገምሁ፣ ያው ነው። አራተኛው ላይ ልጄን ላብ አጠመቀው። «እቃው ነው የተበላሸ፤ ነገ ልመልሰው ነው» አለ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ስስ ጭቃ ነው፤ ከዚያ ማዶ ምራቴ አራስ ልጇን አቅፋ ተኝታለች። አፈሙዙን ቀና ባደረግሁ ቁጥር እጄ በራሱ ዝቅ ይላል።

መደበቁ ሲከብደኝ ነገርሁት።

«አባየ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው። ጥይት የለውም።»

«ሰው የሚገድለው ጥይት የለውም የተባለው ነው።»

ሊስቅ አለና ፊቴን አይቶ ተወው። ጠረጴዛውን ወደ ጓሮው በኩል አዞረልኝ። ጠመንጃውን አስቀምጬ ወጣሁና ጓሮውን ዞሬ አይቼ ተመለስሁ።

«ሰው አለ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የለም» አልሁትና ሳብሁ። ነጥቡ ከምልክቱ መሐል አረፈ።