የሰረዝኩት ሪጎሬ

ዊንጌት አካባቢ የሰፈር ግጥሚያ ሳጫውት ነው። ባዶ ለባዶ እንደሆኑ፣ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አጥቂው የመታት ኳስ የተከላካዩን ክንድ ገጭታ ተመለሰች። ክንዱ ከሰውነቱ ርቆ ተዘርግቷል። እኛ ዳኞች እንዲህ የተዘረጋን እጅ ሆን ብሎ እንደነካ ነው የምንቆጥረው፤ ሳላመነታ ፊሽካዬን ነፍቼ ሪጎሬ ሰጠሁ። ተከላካዩ ወደ ቡድኑ ገና የገባ ግንበኛ ነው። የሚከራከር መስሎ ጆሮዬ ስር ገባና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ክንዴ ከዚህ በላይ አይሰበሰብም። ሥራ ላይ ከርብራብ ወድቄ ተሰብሮ፣ ተጣሞ ነው የገጠመው» አለኝ። ክንዱን ይዤ ወደ ጎኑ ገፋ አደረግኩት። እውነትም ንቅንቅ አላለም።

«ለአሰልጣኝህ ለምን አልነገርከውም?»

«ብነግረው ያሰልፈኛል? አደራዎን፣ ምስጢሬን እንዳያወጡብኝ!»

አጥቂው ኳሷን አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ሰውየው እጁን ሌላ የት ያድርገው? ሪጎሬውን ሰረዝኩት። ሜዳው ቀውጢ ሆነ። የአጥቂው አሰልጣኝ ሮጦ መጥቶ፣ «ምን ሹክ ብሎህ ነው?» እያለ አፋጠጠኝ። «ሆን ብሎ አልነካም» አልኩት፤ ሌላ ምን ልበል? ጨዋታው እንደዚያው ባዶ ለባዶ አለቀ። ደጋፊዎቹ እስከ ጳውሎስ ሆስፒታል ድረስ «ሌባ! ሌባ!» እያሉ ተከተሉኝ። ዞር ብዬ እውነቱን ልነግራቸው ስንቴ አፌን ከፈትኩ መሰላችሁ! ብነግራቸው ወዲያው ይተዉኝ ነበር። አፌን መልሼ እየዘጋሁ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።