ወይዘሮ ይታይሽና ባለቧንቧው በርሜል

ወይዘሮ ይታይሽ ባዶ ጀሪካን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ እንጅባራ ገበያ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ፣ የሚያውቃቸው ሰው እንዳይገጥማቸው ይለምኑ ነበር። ልመናው አልሠራም። የጎረቤታቸው የአቶ ክንዴን ልጅ ፀደይን፣ የምግብ ሳይንስ ተምራ በቅርቡ የተመለሰችውን፣ ከውስጥ ተቀምጣ አገኟት።

«ደህና ዋሉ እትየ ይታይሽ? ጀሪካኑ ለምንድን ነው?»

መዋሸት ፈልገው ነበር፤ ጡት ስትጥል ያዩዋትን ልጅ ግን መዋሸት አቃታቸው።

«ለኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ተረኛ እኔ ነኝ ልጄ። ከሚሸጥ ቤት ጠላ ቀምሼ ላዝዝ ነው። የራሴ ነው ብዬ አቀርባለሁ፤ ምን ላድርግ? እጄ ከዳኝ።»

በዳጉሳ ጠላቸው እስከ ጥሊሊ ከተማ ስማቸው የሚነሣ ሴት እንዲህ ሲሉ መስማት ያሳዝናል። ባለፈው ተራቸው ማኅበርተኛው ሁሉ አንድ ሁለቴ ጎንጨት ብሎ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ መርቆ፣ ዋንጫውን ከነ ጠላው ትቶት ሄደ። ለምን እንደተረፈ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይሉኝታችን ክፉ ነው፤ እየመረቀ ሰው ይጎዳል።

«ጋንዎን እስከ ታች ያጥቡታል?» አለች ፀደይ።

«በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ነው የምጠምቅ። ግርጌውን ግን አልነካም። እዚያ ያለችው አተላ ከአማቴ ጀምሮ የቆየች ናት። የጠላዬ ጣዕም እሷ ናት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጣዕሙ ከጌሾው፣ ከአሻሮውና ከእጅዎ ነው። ጠላን የሚያፈላ በዓይን የማይታይ ነገር አለ፤ የሚያኮመጥጥም አለ። የቆየችው አተላ የሚያኮመጥጠው መደበቂያ ናት፤ ከዓመት ዓመት እየበዛ በረታ። እጅዎ አልከዳዎትም፤ ጋኑ ነው የከዳዎት።»

ወይዘሮ ይታይሽ ተቆጡ። የአማታቸው ስም የተነሣ መሰላቸው። ቁጣው ሲበርድ ግን «እሺ፣ ምን ላድርግ ነው የምትይ?» ማለታቸው አልቀረም።

«ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ በርሜል እንግዛ። ከአተላው ከፍ ብሎ ቧንቧ እናስገባለት፤ በጣሳ መጥለቅ ይቀራል። ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ አውጥተን ጫፉን ውሃ ባለው ጠርሙስ ውስጥ እናስገባዋለን። ጠላው ይተነፍሳል፤ ዝንብና አቧራ ግን አይገባም። ውሃውንም አፍልተን አቀዝቅዘን ነው የምንጠምቅበት።»

«በርሜል? አዘና ከተማ ላይ አንዱ በተባይ መድኃኒት በርሜል ጠምቆ ሰው አሳመመ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«እውነትዎን ነው። ፀረ ተባይ የገባበት ዕቃ በምንም ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም። ለዚህ ነው አዲስ የምልዎት።»

«ጭሱስ? ፕላስቲክ አይታጠን። ወይራ የማይሸት ጠላ ለእኔ ውሃ ነው።»

«ይህን እኔም አላውቀውም» አለች ፀደይ። የተማረ ሰው አላውቅም ማለቱ ከትምህርቱ ሁሉ ይበልጣል። መልሱን ያመጡት ራሳቸው ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው።

«ጥንስሱን በታጠነ እንስራ ባደርገውስ? ጭሱን ጠጥቶ ወደ በርሜሉ ይገባል።»

«እንዲህ ያለውን ማንም አላስተማረኝም» አለች ፀደይ ከልቧ ደስ ብሏት።

ጀሪካኑ ባዶውን ተመለሰ፤ ከገበያ አዲስ በርሜል ገዝተው ቧንቧና ቱቦ አስገቡለት። ሆኖም ወይዘሮ ይታይሽ በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። አንዱን ጌሾ፣ አንዱን አሻሮ ለሁለት ከፈሉና ግማሹን በአሮጌው ጋን፣ ግማሹን በበርሜሉ ጠመቁ። ሲደርስ መጀመሪያ ከጋኑ ቀመሱ፤ ፊታቸው ተኮማተረ። ከቧንቧው ቀዱና ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። የወጣትነታቸውን ጠላ አገኙት፤ ወይራው አለ፣ ጌሾው አለ፣ ኮምጣጣው የለም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አማቴ ይቅር ትበለኝ» አሉ።

በሚካኤል ዕለት የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው አቶ ይሄነው ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ ጨለጡና ሳይጠየቁ ዋንጫቸውን ዘረጉ። ቤቱ ሁሉ ተከተላቸው። ቧንቧው ሲከፈት ሲዘጋ ዋለ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ይታይሽ ብድግ አሉ።

«ባለፈው ኮምጥጦ ነበር አይደል አቶ ይሄነው?»

ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። «ኮምጥጦ ነበር። ቅር እንዳይልሽ ብለን ዝም አልን።»

«እናንተ ዝም ስላላችሁ እጄ ሞተ ብዬ የሰው ጠላ በስሜ ላቀርብ ነበር። ከእንግዲህ ሲበላሽብኝ ንገሩኝ። ያላማረልኝ ዕለት ነው መመረቅ የሚያስፈልገኝ፤ ለዛሬውማ አያሻኝም።»

ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ ስለ በርሜሉ ጥያቄው መጣ፤ ተጋብዛ የመጣችው ፀደይም አስረዳች። የፈላ ውሃ የልጆችን ሆድ ሕመም ይቀንሳል፤ የተከደነ ዕቃ ዳጉሳው ከንቱ እንዳይቀር ያደርጋል፤ ቧንቧው ደግሞ ጋን ሲያዘነብል የዋለን ወገብ ያሳርፋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሙያ ያላት ሴት በዕቃ ጥፋት ራሷን እንዳትጠላ ያደርጋል። ይህን የመጨረሻውን ፀደይ አልተናገረችም፤ በቤቱ ያለ ሁሉ በወይዘሮ ይታይሽ ፊት ላይ አየው።

የሚቀጥለው ወር ተረኛ ወይዘሮ ማስተዋል ቀስ ብለው ተጠጓቸው።

«እኔም እኮ የጋኔን ግርጌ አይቼው አላውቅም» አሉ በጆሮአቸው።

«በጆሮ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ ሌሎቹም ይስሙ።»

ወይዘሮ ማስተዋልም ጮክ ብለው ተናገሩ። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ እጇን አወጣች።