ጭሱ ያለቀ ከሰል

ከሾላ ገበያ ወደ ጉርድ ሾላ በታክሲ ስንሄድ ዝናቡ በረታ። ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት እናት አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ ታወራለች።

«ዛሬ እንጦጦ ወጥተን ሥጋ ልንጠብስ ነበር፣ አባባ። ተሸክመነው የምንሄደው ማንደጃ ሁሉ ገዝተን ነበር። ዝናቡ አስቀረን።»

«ታዲያ ማንደጃው ጾሙን ዋለ?»

«የት ይውላል! ባለቤቴ በረንዳ ላይ አቀጣጠለው። ቅድም ደውሎ ‹ዝናቡ ሊያጠፋው ሲል ቤት አስገባሁት› አለኝ። ሕፃኑም ይሞቀዋል።»

«መስኮቱ ክፍት ነው?»

«ኧረ፣ ልጁን ብርድ ይመታዋል!»

«በሩስ?»

«ዝግ ነው። አይስጉ፣ ከሰሉ ቀልቷል፤ ጭሱም አልቋል።»

«ልጄ፣ የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። አብሮኝ በጥበቃ ይሠራ የነበረ ሰው የቀላ ከሰል ይዞ ክፍሉ ገባ፤ በዚያው አንቀላፍቶ ቀረ። ከሰል ደጅ ይለኮሳል፣ ደጅ ያልቃል። አሁኑኑ ደውዪ።»

ደወለች።

«አያነሳም።»

«ድገሚ።»

«አባባ፣ አያነሳም እኮ!»

ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። በሦስተኛው ጥሪ ስልኩ ተነሳ።

«የት ሄደህ ነው? ... ተኝተህ? ራስህን አመመህ? ልጁን ይዘህ ውጣ! ይዝነብ! ውጣ አልኩህ!»

«ሕፃኑስ?» አሉ ሽማግሌው።

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፈችው። ጥቂት አዳመጡ።

«እያለቀሰ ነው» አሉ። «ተመስገን። ያልቅስ፣ እንዳታባብሉት።»

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች፤ ታክሲው በቅጡ ሳይቆም ወርዳ በዝናቡ ውስጥ ሮጠች።

እኔም ዝናቡ እየገባ አጠገቤ ያለውን መስኮት ከፈትኩት።