የተኛን ውሻ ማስተኛት

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ «ባጃጅ ውሻ ገጨ» ቢባል ማንም ዞር ብሎ አያይም። «ባጃጅ ሻምበልን ገጨ» ሲባል ግን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሻምበል የጋሽ ቀጀላ ውሻ ነው። ጋሽ ቀጀላ ከቤት ሲወጡ ከፊት ከፊት ይመራል፤ እሳቸው ሰንሰለቱን ጨብጠው ከኋላው ይከተላሉ። ሰፈርተኛውም «ዘበኛው ማን ነው? ተጠባቂውስ?» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ይስቅ የነበረው ስለማያውቅ ነው። ጋሽ ቀጀላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የብየዳው ብርሃን ዓይናቸውን በልቶት፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ካለች በኋላ የሚታያቸው ጥላ ጥላው ብቻ ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈሱም። ልጃቸው ጃለታ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ እኔ ዘንድ ይምጡ እያለ ሲለምናቸው ስንት ዘመኑ። ዓይናቸው መድከሙን ቢሰማ ዕቃቸውን ጭኖ እንደሚወስዳቸው ያውቁታል። ስለዚህ ሻምበል ከሞተ ጋሽ ቀጀላ የሚያጡት ውሻ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ደጃቸውንና በገዛ እግር ወጥቶ መግባትን ጭምር ነው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሻምበል አስፋልቱ ዳር ተዘርሯል። እኛ የከተማ ሰዎች መቼም ለወደቀ ነገር ሐኪም አናጣም። አንዱ ውሃ ጭንቅላቱ ላይ ደፋበት። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር አስጠጋ። ጋሽ ቀጀላ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሰንሰለቱን በእጃቸው ጠምጥመው፣ አንገቱን ጥብቅ አድርገው አቅፈዋል። ደም ወደ ጭንቅላቱ ይውረድለት ብለው ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቀውታል። ፍቅራቸው ያስለቅሳል፤ ግን ፍቅር ብቻውን ሙያ አይሆንም።

ዳቦ ገዝታ የምትመለስ አንዲት ወጣት ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ገባችና አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አባቴ፣ እባክዎን አንገቱን ይልቀቁት።»

«ማነሽ አንቺ ደግሞ?»

«ፌናን እባላለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ክሊኒካችን እዚሁ ማዶ ነው። ሰንሰለቱንም ቢፈቱለት ጥሩ ነው።»

«ሰንሰለቱን? ልጄ፣ ይኼ ውሻ ሲነቃ ምን እንደሚያደርግ አታውቂም። ደግሞስ ሰንሰለት የሌለው ውሻ ባለቤት እንደሌለው ነው የሚቆጠረው።»

«ባለቤቱማ እዚሁ ነዎት። አባቴ፣ ወደ ጭንቅላት የወጣ ደም የሚመለሰው በአንገት በኩል ነው። አንገቱ ከታነቀ መመለሻ ያጣል። የራስ ቅል ደግሞ አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ውስጡ የተጎዳው አንጎል ሲያብጥ ወዴት ይሂድ?»

አፉ የተደፈነ በርሜል እሳት ሲነካው ምን እንደሚሆን ከጋሽ ቀጀላ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ የሥራ ባልደረባቸውን የቀበሩት በዚያ ሰበብ ነው። ሰንሰለቱን ፈቱት።

ውሻውን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ሳንቃ ላይ አስተኝተው፣ ራሱን ከፍ አድርገው ወደ ክሊኒኩ ወሰዱት። ፌናን የአየር መስጫ ማስክ አፍንጫው አጠገብ ያዘችለት እንጂ አላሰረችበትም። ታግሎ ከተቆጣ የጭንቅላቱ ግፊት ይብሳል አለች። ጋሽ ቀጀላ የማስኩን ቱቦ በዳበሳ ተከትለው ሲሊንደሩ ጋ ሲደርሱ ክው ብለው ቀሩ።

«ኦክስጅን! ልጄ፣ እኔ እኮ በዚህ ብረት ስቆርጥ ነው የኖርኩት! ብረት የሚቆርጥ ነገር በውሻ አፍንጫ?»

«ብረቱን የሚቆርጠው እሳቱ አይደል እንዴ አባቴ? ኦክስጅኑ እሳቱን ይመግበዋል። አንጎልም እንዲሁ ነው፤ ካልተመገበ ይጠፋል።»

«እሺ ይሁን። ግን ሰው ኦክስጅን አጥቶ በሚሞትበት አገር ለውሻ ሲሰጥ እግዜር ምን ይላል? ጎረቤትስ? ቀጀላ ጃጀ፣ ለውሻ ሐኪም ቤት ይውላል አይሉም?»

«ይሉ ይሆናል። ግን ይህን ከታመመ ሰው አፍ ነጥቀን አላመጣነውም፤ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ለእንስሳ ያዘነ ሰው ለሰው የሚያዝነው አይጎድልበትም። ደግሞ አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲገቡ ወንበሩን በዳበሳ ነው ያገኙት። ሻምበል ከሌለ ማታ ማታ ወደ ቤት የሚመልስዎ ማን ነው?»

ጋሽ ቀጀላ እንደ ሌባ ደነገጡ። ከልጃቸው የደበቁትን ነገር ይህች ዳቦ የያዘች ልጅ በአንድ አፍታ አወቀችባቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጎረቤት አላነሱም።

ፌናን በባትሪ የሻምበልን ዓይኖች አየች። አንደኛው ብሌን ሰፍቶ ቀርቷል፤ ግንባሩ ላይ አጥንቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ቀዶ ጥገና ለሚሠራው ባልደረባዋ ለዶክተር ኻሊድ ደውላ ተመለሰች።

«አጥንቱን ማንሳት አለብን። ለዚያ ማደንዘዣ ሰጥተን እናስተኛዋለን።»

«እንዴት ነው የምታስተኙት? ተኝቷል እኮ! የተኛን ማስተኛት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?»

«አልተኛም፤ ራሱን ነው የሳተ። ስንነካው ያመዋል፣ ይታገላል፤ ሲታገል አንጎሉ ብዙ ኦክስጅን ይበላል።»

«ማደንዘዣውስ ምንም አያደርገውም?»

«ያደርገዋል። ትንፋሹን ያዳክመዋል።»

«ትንፋሹ ሲደክምስ?»

«የተቃጠለው አየር ሳይወጣ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም የአንጎል ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል።»

ጋሽ ቀጀላ ራሳቸውን ያዙ። «ቆይ፣ ቆይ። ግፊቱ እንዳይጨምር ማደንዘዣ ትሰጪዋለሽ። ማደንዘዣው ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። መድኃኒቱም እሱ፣ በሽታውም እሱ! ልጄ፣ እኔ አርጅቼ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የምታሽከረክሪኝ?»

እውነት ለመናገር በዚያች ሰዓት ግራ ያልገባው ሰው ቢኖር ነበር የሚያስገርመው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ፌናን ከሥሩ ጀመረችላቸው።

«እናትዎ ማታ ሲተኙ እሳቱን ምን ያደርጉት ነበር?»

«ምን ያደርጉታል፤ ይዳፍኑታል እንጂ።»

«ለምን?»

«ፍሙ ተንቦግቡጎ እንዳያልቅ። በአመድ ከተዳፈነ ጠዋት ይገኛላ።»

«ማደንዘዣም ያው ነው። አንጎሉን እንዳፍነዋለን፤ ጥቂት እየበላ ያድራል። አመዱ በዝቶ ፍሙ እንዳይታፈን ደግሞ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አስገብተን እኛ እንተነፍስለታለን። የሚወጣውን የተቃጠለ አየር ልክ ይህች መሣሪያ ትነግረናለች። መቶ በመቶ ይድናል አልልዎትም። ሳንዳፍነው ብንነካው ግን ይጠፋል።»

ጋሽ ቀጀላ ገባቸው ማለት አይቻልም። ግን ፍሙ ገባቸው። «እሺ» አሉ። «ግን ከአጠገቡ አልለይም።»

ዶክተር ኻሊድ መጣ፤ ጠቆር ያለ፣ ከሥራ በቀር ብዙ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ፌናን ማደንዘዣውን በቀስታ ሰጠች። ውሻው እንዳያስል ተጠንቅቃ ቱቦውን አስገባች፤ ራሱን በተጣጠፈው ጋቢ ላይ ከፍ አድርጋ አንገቱን አቀናችለት። ሥራው ተጀመረ። ትንፋሹን የሚሰጠው ማሽን እፍ፣ እፍ ይላል።

መብራት ጠፋ።

ኻሊድ «ባትሪ!» አለና ግንባሩ ላይ ያሰራትን መብራት አበራ። የአየሩን ልክ የምትነግረው ትንሿ መሣሪያ በራሷ ባትሪ ትሠራለች፤ ትልቁ ማሽን ግን ጸጥ ብሏል። ፌናን የጎማውን ከረጢት በእጇ እየጨመቀች ትንፋሹን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ መድኃኒት የምትወጋበት ሰዓት ደረሰ፤ ሌላ እጅ የለም።

«አባቴ፣ እጅዎን ያምጡ። ይህን ይጭመቁ፤ ይልቀቁ፤ ትንሽ ይጠብቁ። ከዚያ እንደገና።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

ጋሽ ቀጀላ ሥራ የጀመሩት በልጅነታቸው አንጥረኛ ቤት ወናፍ በመንፋት ነው። እጃቸው ከረጢቱን ሲጨብጥ ያንን ሥራ አስታወሰ። ሻምበል ኦክስጅን ያስፈልገዋል አይደል የተባለው? ታዲያ ምን ይቆጥባሉ! ብረት እንደሚያግል ሰው ይነፉት ጀመር፤ ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። መሣሪያዋ ጮኸች።

«ቀስ! አባቴ፣ ቀስ ይበሉ! ቁጥሩ ወረደ!»

«የትኛው ቁጥር? አየር እየሰጠሁት እኮ ነው!»

«የተቃጠለው አየር ከልክ በላይ እየወጣ ነው። እሱ ሲያንስ ደም ሥሮቹ ይጨማደዳሉ፤ ደም ካልደረሰ ኦክስጅኑ በምን ይደርሳል?»

«ቅድም ከተጠራቀመ ይጎዳዋል ብለሽ!»

«ሲጠራቀም ይጎዳዋል፤ ሲያልቅም ይጎዳዋል። የምንፈልገው ልኩን ነው። ሲበዛ ማርም ይመራል!»

ጋሽ ቀጀላ እጃቸው ደርቆ ቀረ። ቢነፉ ሊገድሉት ነው፤ ቢተዉ ሊገድሉት ነው። አንገቱን ማቀፋቸው ጉዳት፣ ራሱን መዘቅዘቃቸው ጉዳት፣ አሁን ደግሞ አየር መስጠታቸው ጉዳት! «ውሰጂው!» አሉ። «በፍቅሬ ልገድለው ነው፤ ውሰጂው!»

«መርፌው ደም ሥሩ ውስጥ ነው፤ መልቀቅ አልችልም። ፍሙን ያስቡት። እንዲነድ አይደለም የምንፈልገው፤ እንዳይጠፋ ብቻ ነው። በራስዎ ትንፋሽ ደግሞ አይሂዱ፤ የፈራ ሰው ትንፋሽ ይፈጥናል። በእኔ ድምፅ ይሂዱ። ጭመቅ… ልቀቅ… ጠብቅ።»

ጋሽ ቀጀላ በጨለማው ውስጥ የማይጠቅሟቸውን ዓይኖቻቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ሰጧት። ጭመቅ። ልቀቅ። ጠብቅ። ከሁሉም የከበዳቸው «ጠብቅ» የምትለዋ ነበረች። ሲጨምቁ የሚረዱት ይመስላቸዋል፤ ሲጠብቁ ግን የተዉት ይመስላቸዋል። ያም ሆኖ ጠበቁ። መሣሪያዋ ጩኸቷን ተወች።

«ቁጥሩ ተመለሰ» አለች ፌናን።

ከኻሊድ በኩል ቀጭን የአጥንት ድምፅ ተሰማ፤ «አጥንቱ ተነሳ» አለ ኻሊድ። ከዚያ ፌናን ከረጢቱን ተቀበለቻቸው። መብራቱ ሲመጣ ጋሽ ቀጀላ አሁንም ባዶ እጃቸውን ይጨምቁና ይለቁ ነበር።

ሻምበል ወዲያው ዘሎ አልተነሳም። መጀመሪያ ሰፍቶ የነበረው ብሌኑ ጠበበ፤ በሌላ ቀን ጅራቱ ተንቀሳቀሰ፤ በሌላው ደግሞ ውሃ ላሰ። ሊወስዱት ሲመጡ ፌናን ሰንሰለቱን አቀበለቻቸው።

«ምን ላድርግበት?» አሉ። ሰንሰለቱን አጥር ላይ ሰቀሉትና ከአሮጌ መኪና የተፈታ የወንበር ቀበቶ አሰፍተው በደረቱ በኩል የሚታሰር ማሰሪያ አሠሩለት። ሰፈርተኛው ለመሳቅ ሲሰበሰብ እሳቸው ማስተማር ጀመሩ።

«እንስሳ ጭንቅላቱን ሲመታ ውሃ አትድፉበት፤ ክብሪትም አትጫሩበት። አንገቱን አትነቁት፤ ሰንሰለቱን ፍቱለት። ራሱን ከፍ አድርጋችሁ፣ አንገቱን አቅንታችሁ፣ ሳትቆዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ማደንዘዣ እንስጠው ቢሏችሁ የተኛን ምን ያስተኙታል ብላችሁ እንደ እኔ አትከራከሩ። ኦክስጅኑን የሚያውቅ ይስጠው፤ ሲያንስም ሲበዛም ይገድላል።»

«ጋሽ ቀጀላ ሐኪም ሆኑ!» አለ አንዱ።

«ሐኪም አልሆንኩም፤ መጠየቅ ነው የጀመርኩት» አሉ።

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ ጃለታ ተጠርቶ መጣ። አባቱን ያገኛቸው ከበራቸው ወጣ ብለው ነው። ሻምበል ወደ ግራ ያጋድላል፤ ጥቂት ይሄድና ይቆማል። ጋሽ ቀጀላ አይጎትቱትም፤ እንደገና እስኪራመድ ይጠብቁታል።

«አባዬ፣ ምነው? በደህና ነው የጠሩኝ?»

«ነገ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰደኝ። ከመሸ አይታየኝም። ደብቄህ ነው።»

ጃለታ ደነገጠ። «ከመቼ ጀምሮ? እስከ ዛሬ ታዲያ ማን እየመራዎት ነው የሚመለሱት?»

ጋሽ ቀጀላ በእጃቸው የያዙትን የሻምበልን ማሰሪያ ከፍ አድርገው አሳዩት። ሻምበል ቆሞ ነበርና አብረውት ቆመዋል።