ሰላም ያላለውን የማያናግር ምሰሶ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ስትጸልይ ዓይንህን ጨፍን፤ ሥራ ላይ ግን ግለጠው» ማለት ያዘወትር ነበር። እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት? ሻዩን ሞቅ አድርጊልኝ፤ የኩርባው ብርድ አጥንት ድረስ ገብቷል። ልጆችሽ ደህና ናቸው?... ተመስገን።

እኔማ ደስ ብሎኛል። ከነገ ጀምሮ ቀይ ባንዲራዬን አስረክቤ ማረፌ ነው አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ኩርባው ላይ ቆሜ መኪና ሳስቆም፣ ለካ ምሰሶ ይበቃ ኖሯል! አሁን መንገዱ ዳር የተተከለው ምሰሶ እኮ መኪናዎቹን ያናግራል፤ «ፊት ለፊትህ የቆመ አለ፣ ቀስ በል» ይላቸዋል። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ! ማን እንደሆነ አልናገርም... እመስኮቱ ሥር ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ሰው ካለም፣ እኔ አላየሁም።

የዚያ ሰው ጨዋነቱስ! ምሰሶውን እንደ ራሱ አድርጎ ነው ያሳደገው፤ አስቀድሞ ሰላም ያላለውን አያናግርም። አዳዲሶቹ መኪናዎች በውስጣቸው በተገጠመው የሬዲዮ ዕቃ ከሩቅ ሰላም ይሉታል፣ እሱም ይመልሳል። አሮጌው የጭነት መኪናስ? ዕቃው የለውማ! ታዲያ ባለጌን ማን ያናግራል?

ስለ ምሰሶው የጻፈውን ሪፖርት ሰማሽ? «ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ሁሉ ፍጥነት ቀንሰዋል፤ አንድም አልቀረ» ይላል። እውነቱን ነው! ያልደረሳቸውን ምን ብሎ ይቁጠራቸው? ሙከራውም በጠራ ቀን፣ በመሥሪያ ቤቱ ሁለት አዳዲስ መኪናዎች ነው የተደረገው። ጫማውን እንኳ ጭቃ አልነካውም... ንጹሕ ሰው።

አሁን እኔን ለማሳረፍ የቀረው የሱ ፊርማ ብቻ ነው። ይፈርማል እንጂ! ብዕሩን መልሶ ምን አስቀመጠው?... ብርድ ይሆናል፤ ለሱም ሻይ ስጪው።

ትናንት ተሳፋሪ የሞላ አውቶቡስ ተበላሽቶ ኩርባው ውስጥ ቆመ። ጭጋጉ እጅሽን አያሳይሽም። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና እየበረረ መጣ። ምሰሶው ጭጭ። ባንዲራዬን እያውለበለብኩ ፊቱ ገባሁ፤ አውቶቡሱ ጋ ሊደርስ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ወረደ፤ አላውቀውም። ምሰሶውን ሽቅብ አየና «ይሄ ምን ይሠራል?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ባርኔጣውን አውልቆ መረቀ፤ እኔም ከልቤ አሜን ብያለሁ። እንዲህ ነው ያለው፦

«ይህን ምሰሶ የተከለውን ሰው እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። ከነልጆቹ በኔ መኪና አሳፍሮ፣ በጭጋግ ቀን፣ ባንዲራ በሌለባት በዚች ኩርባ በሰላም ያሳልፈው።»