ምቱን ያላሳለፉት መምህር ደግሰው

እናንተ ለቅሶ ደራሾች፣ እግዜር ይስጥልን፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። እኔ እናታቸው ጥሩሐረግ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የተናገርሁትን የልጅ ልጄ ዓይናዲስ ጽፋ ታነብላችኋለች። ልጄን አንቱ ማለት ለአፌ እንግዳ ቢሆንም የዛሬው ወግ ነውና እላቸዋለሁ።

መምህር ደግሰው ገብረ ጻድቅ በ1969 ዓ.ም. ጋዝጊብላ ላይ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ጻድቅና ከእኔ ተወልደው፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው፣ ጎረቤታችን ደሞዝ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ አባታቸውን በመጥረቢያ አንገታቸውን ብሎ ሲጥላቸው ቆመው አይተዋል። ደም የጠጣውን ጋቢ ሳላጥብ አስቀምጬ፣ በየተዝካሩ እያወጣሁ፣ «ይኼ የማነው?» እላቸዋለሁ። «የአባቴ።» «ደሙን ማን ይመልሳል?» እላቸዋለሁ። «እኔ» ባላሉኝ ቁጥር በአርጩሜ ገርፌያቸዋለሁ፤ ምን ልደብቃችሁ።

ሰቆጣ ተምረው፣ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቀው፣ ሳይንስ ሊያስተምሩ ሲመለሱ፣ ጠመንጃ ይዘው መጡልኝ ብዬ እልል አልሁ። የያዙት ሽቦ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ረጅም ብረት አቁመው፣ ከብረቱ ሽቦ ስበው መሬት ውስጥ ቀበሩት፤ መብረቅ ሲወርድ ልጆቹን ትቶ አፈር ገብቶ ይቀራል አሉ። እኔ በሰው ፊት፣ «አባትህ በመጥረቢያ ወደቀ፣ አንተ ሽቦ ትቀብራለህ?» ብዬ ጮኽሁባቸው።

እርሳቸውም፣ «እማዬ፣ ጉልበት አይጠፋም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፋል እንጂ። ደሞዝ አባቴን የመታበት ምት በአንቺ አልፎ በአርጩሜሽ እኔ ጋ ደርሷል። እኔ ደግሞ ለልጄ ካሳለፍሁት መቼ ያበቃል? እንደ መሬት ተቀብሎ የሚያስቀር ሰው ይፈልጋል» አሉኝ። ፈሪ ወለድሁ ብዬ አለቀስሁ።

ወይዘሮ ዓለምብርሃንን አግብተው ምስጋናውንና ዓይናዲስን ወለዱ። ከጦርነቱ ወዲህ ልጅ የሞተባቸውን እናቶች እየሰበሰቡ፣ የጋለ ድንጋይ ከቀዝቃዞቹ መሀል ሲገባ ሙቀቱን ሁሉም ተካፍለው ያበርዱታል እያሉ አንዳችንን ከሌላችን ያስጠጉን ነበር። እኔም ከእነዚያ እናቶች መሀል ተቀምጬ ስነሣ ነው፣ ያን ጋቢ ወንዝ ወርጄ ያጠብሁት።

ባለፈው ሳምንት የደሞዝ ልጅ ተስፋው ገበያ መሀል ምስጋናውን፣ «የሽቦ ቀባሪው ልጅ!» አለው። ምስጋናው በዱላ ግንባሩን ፈነከተው፤ ተስፋው ሽጉጥ መዘዘ፤ መምህር ደግሰው መሀል ገቡ፤ ጥይቱ ሆዳቸውን በስቶ በጀርባቸው ወጣ። ሆስፒታል ሦስት ቀን አጣጥረው፣ የምስጋናውን እጅ ይዘው፣ «መሬቱ እኔ ነኝ፤ እኔ ላይ ይቅር» ብለው በ48 ዓመታቸው ትናንት ዐረፉ።

ተስፋው ታስሯል። እናቱ ወለተ ሰንበት ግን ከትናንት ጀምራ በጫንቃዋ ድንጋይ ተሸክማ ከደጅ ቆማ ትለምናለች፤ የሟች ወገን ድንጋዩን ካላወረደላት ደሙ እንደማይደርቅ ታውቃላችሁ። ምስጋናው ለዕርቅ የመጡትን ሽማግሎች፣ «አባቴን ገድለው ደግሞ!» ብሎ መልሷቸው፣ የአጎቱን ክላሽ አንግቶ ይኸው ከሬሳው ራስጌ ቆሟል።

መምህር ደግሰው እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ቁጥር የሌላቸው ተማሪዎቻቸውንም ትተው ሄደዋል። የሰማይና የምድር ጌታ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያስቀምጥልን።

ንባቡ አለቀ፤ አሁን በገዛ አፌ ልናገር። ምስጋናው ልጄ፣ ክላሹን ለአጎትህ መልስና ና። እኔ ጉልበት የለኝም፤ ድንጋዩን በአንድ በኩል አንተ ያዝልኝ።